ጨዋታና ቀለም በአንድ ሣጥን

እናንት የዘመኔ ሰዎች፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ያደጋችሁ፣ የጠዋቱን ብርድ በነጠላ ተከልላችሁ ደብተራችሁን በብብታችሁ ሸጉጣችሁ የሮጣችሁ ሁሉ፣ እስቲ ኑና አብረን እንሳቅ! በእኛ ጊዜ የጨዋታ ቤቱ ሌላ፣ የትምህርት ቤቱ ሌላ ነበር። ገበጣው ደጅ ነው፤ ጉድጓዶቹን መሬት ላይ ቆፍረን ጠጠራችንን እየዘራን ጀምበር እስክትጠልቅ እንቀመጣለን። ቅልብልቦሹም ደጅ፣ ሰኞ ማክሰኞውም ደጅ፣ ወንዶቹም ብያቸውን ይዘው ደጅ። ደብተር ያለው ግን ጓዳ፣ ፋኖስ ሥር ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የእናት ጥሪ ብቻ ነበር፤ እሱም ከጎረቤት ጎረቤት የሚሰማ፦ «አንቺ ልጅ! ጠጠሩን ጣይና ቀለምሽን ቁጠሪ!»

ዛሬስ? ዛሬ የእህቴ ልጅ ሜካኒካል ምህንድስና ታጠናለች። ዩኒቨርሲቲው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለና እንደ እኛ ሻንጣ አስራ አገር ማቋረጥ አላስፈለጋትም። ጨዋታዋና ቀለሟም ተቃቅፈው አንድ ሣጥን ውስጥ ገብተዋል! ቀን የማሽን ክፍል የነደፈችበት ኮምፒውተር፣ ማታ ከጓደኞቿ ጋር ካውንተር ስትራይክ ትጫወትበታለች። እኔ ደግሞ ያንን ሣጥን ስትመርጥ አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ፤ እንዴት እንደተደሰትኩ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

እስቲ መጀመሪያ የእኛን ምርጫ እናስታውስ። ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ስንገባ፣ ያ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የቆመው ትምህርት ቤት ማለቴ ነው፣ ተማሪ «ዕቃ መረጠ» ከተባለ የመረጠው እርሳስ ነበር። ለስስ መስመር 2ኤች፣ ለደማቁ ኤችቢ፤ ከዚያ ቲ-ስኩዌር፣ ከዚያ ኮምፓስ፣ ቤተሰቡ የደላው ደግሞ ሮትሪንግ ብዕር። ትሬሲንግ ወረቀቱ ላይ አንዲት ጠብታ ቀለም ያለቦታዋ ዱብ ያለች እንደሆነ ክፍሉ ሁሉ ጸጥ ይላል። ምላጭ ይወጣል፤ ጋደም ተደርጎ ቀለሙ ቀስ እየተባለ ይፋቃል፤ የሻከረው ቦታ በላጲስ ይታሻል፤ በመጨረሻም በአውራ ጣት ጥፍር ይለሰልሳል። ወረቀቱ ሳይበሳ ከወጣንበት እልል ለማለት ምንም አይቀረን! የእህቴ ልጅ ኮንትሮልንና ዜድን አንድ ላይ ትጫናለች፤ መስመሩ እንዳልነበረ ይሆናል። ያኔ ምላጭ፣ ዛሬ ሁለት ጣት!

በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር የሚባል እንግዳ መጣ። ክፍሉ ተቆልፎ፣ መጋረጃው ተጋርዶ፣ ጫማ በር ላይ ወልቆ፣ ሞኒተሩ ነጭ ዳንቴል ለብሶ! ትዝ ይላችኋል? ዳንቴሉን አጥፎ የማስቀመጥ ማዕረግ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱ ካልመጣ ኮምፒውተሩ እንደተሸፈነ ይውላል። ራሙ 16 ሜጋ ባይት ነበር፤ የእህቴ ልጅ ሣጥን ውስጥ ያለው 16 ጊጋ ባይት ነው፤ አንድ ሺህ እጥፍ! ሥራችንን ይዘን የምንዞረው 1.44 ሜጋ ባይት በምትይዘው ፍሎፒ ነበር። የእሷ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሥራዋ ማከማቻ፣ አንድ ቴራ ባይት ይይዛል። ሒሳቡን አብረን ሠራነው፤ ወደ 680 ሺህ ፍሎፒ ማለት ነው። የፍሎፒዋ ውፍረት ከ3 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ እዚህ ደብረ ማርቆስ አደባባይ ላይ ብንደረድረው ክምሩ ከጮቄ ተራራ ጫፍ በላይ ይወጣል! ኤስኤስዲዋ ግን እንደ ማስቲካ ቅጠል ቀጭን ናት፤ ማዘርቦርዱ ላይ በአንዲት ብሎን ተይዛ ቁጭ ብላለች።

ወደ ምርጫው ልመለስ። ልጅቱ ወረቀት አወጣችና መሐሉን አሰመረች፤ በአንድ ወገን «ለትምህርት»፣ በሌላው «ለጨዋታ»። ከዚያ ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሳች ሁለቱ የሚስማሙበትን ትፈልግ ጀመር። ፕሮሰሰሩ ላይ ወዲያው ተስማሙ። «እትዬ፣ እዚህ ላይ ይዩልኝ» አለችኝ፤ «ሶሊድወርክስ በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም ላይ አንድ ዕቃ ስቀርጽ ሥራው በአብዛኛው የሚያርፈው በአንድ ኮር ላይ ነው፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ኮር ፍጥነት ይፈለጋል። ጨዋታውም የሚወደው ይህንኑ ነው። ብዙ ኮር የሚጠቅመኝ ሲሙሌሽንና ሬንደር ላይ ነው።» እናም ባለ 6 ኮሩን ራይዘን 5 መረጠች፤ ከዚያ በላይ ያለውን ገንዘብ ለግራፊክስ ካርዱ አቆየችው።

ክርክሩ የጦፈው እዚያ ካርዱ ላይ ነው! ለምህንድስና ተብለው የሚሠሩ ካርዶች አሉ፤ ዋጋቸው ግን የትየለሌ ነው፤ ለተማሪ ሥራ የጨዋታው ካርድ ይበቃል። የኤኤምዲ ካርዶች በዋጋቸው ደህና ሜሞሪ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ማትላብ የሚባለው የስሌት ፕሮግራም ሥራውን በግራፊክስ ካርድ ላይ የሚሠራው የኤንቪዲያ ካርድ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ኤንቪዲያ ሆነ። ቀጥሎ አርቲኤክስ 4060 ወይስ 3060? ከሁለቱ አዲሷ 4060 በጨዋታ ትፈጥናለች፤ ሜሞሪዋ ግን 8 ጊጋ ባይት ነው። ታላቋ 3060 ባለ 12 ጊጋ ባይቷ ትገኛለች፤ ብዙ ክፍል ያለው ማሽን ሲነደፍ ሰፊው ሜሞሪ ይጠቅማል። ልጅቱ ብዕሯን ነክሳ አሰበች፣ አሰበችና 3060ን ከበበቻት። በእኛ ጊዜ በ2ኤችና በኤችቢ መካከል እንዲህ ስንጨነቅ የነበረው ትዝ አለኝና ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እሷም አብራኝ ሳቀች።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ምርጫው ራሱ ትምህርት መሆኑ ነው! ካርዷ 170 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ 65 ዋት እያለች ደምራ፣ ለሌላው ዕቃ አክላ፣ ለወደፊቱም ትርፍ ትታ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ያዘች። የኮምፒውተሩን ቀፎ፣ ኬዙን፣ ስትመርጥማ የሙቀት ትምህርቷን አወጣችው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገር ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ቀላል ስለሆነ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። ብርዳችን ደግሞ መልሶ ይክሳል! ስለዚህ ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ለበጋው አቧራ የሚታጠብ ማጣሪያ ያለው ኬዝ መረጠች። ለጨዋታ ተብሎ የተገዛ ማራገቢያ የደጋን አየር ክብደት ሲያስጠና አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ግዢውስ! እኛ ዕቃ የፈለግን እንደሆነ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ እንጠብቃለን፤ ብሩን በመሐረብ ቋጥረን፣ የዕቃውን ስም በወረቀት ጽፈን እንሰጣለን፤ የሚመጣው ያዘዝነው ይሁን ሌላ እግዜር ያውቃል። እሷ ቴሌግራም ላይ የየሱቁን ዋጋ አስተያየች፤ ገንዘቡን በቴሌብር ላከች፤ ዕቃው በማግስቱ መንገድ ጀመረ። የዓባይ በረሃ ግን ያው ነው! ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሽቅብ። ድልድዩ አዲስ ይሁን እንጂ ጠመዝማዛው ያው የእኛው ጠመዝማዛ ነው። ካርዷ ያን ሁሉ መንገድ በአንድ ዘመዳችን ጭን ላይ፣ በጋቢ ተጠቅልላ መጣች።

ገጠማው የተደረገው ምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው። የዳንቴሉ ዘመን ሰዎች ኮምፒውተሩን ለመንካት እጃችንን ታጥበን ነበር የምንቀርበው፤ ይህች ልጅ ሆዱን ከፍታ በመፍቻ ትገባለች! መጀመሪያ የፓወር ሰፕላዩን ብረት ነካች፤ በሰውነት ላይ ያለ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይመታው ነው። ፕሮሰሰሩን ጥግ ላይ ባለችው ትንሽ ሦስት ማዕዘን አስተካክላ ያለ ምንም ግፊት አሳረፈችው። ራሙ «ቀጭ!» ብሎ ገባ። መብራት ቢጠፋ ሥራዋን ለማስቀመጥ የሚያደርሳት ዩፒኤስ ከጎን ተሰካ። ከዚያ አበራችው፤ ማራገቢያዎቹ በሰማያዊና በሐምራዊ ብርሃን ሲሽከረከሩ ቤቱ ሠርግ ቤት መሰለ።

በእኛ ጊዜ ልጅ ከክፍል ክፍል ጎበዝ ሆኖ ሲያልፍ የእጅ ሰዓት ይሸለም ነበር፤ የደላው ጥላም ይጨመርለታል። እኔም አምስተኛ ዓመት ስትገባ ምን እንድሸልማት ጠየቅኳት። ማዘርቦርዷ ላይ አራት የራም ማስገቢያ አለ፤ ሁለቱን ሆን ብላ ባዶ ትታቸዋለች። ለመመረቂያ ሥራዋ ሲሙሌሽን 32 ጊጋ ባይት ቢኖራት ትወዳለች፤ «የእርስዎ ስጦታ እዚያ ይገባል እትዬ» አለችኝ። እናንተም ቤት ምህንድስና የምታጠና ልጅ ካለች የወርቅ ሐብል ከማሰባችሁ በፊት ጠይቋት፤ ራም ነው የምትላችሁ። እኔ ገንዘቡን ማጠራቀም ጀምሬያለሁ!