የክርስትና ስም ያላቸው ዕቃዎች

አሰላ ስናድግ አድራሻ ማለት የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነበር። ያውም ሣጥን ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ የቀረው በትምህርት ቤቱ፣ በመሥሪያ ቤቱ፣ አለዚያም በባለሱቁ ቁጥር «በእገሌ በኩል ይድረስ» እያስባለ ደብዳቤውን ይቀበላል። ይህን የኋላ ቀርነት ምልክት የሚያደርገው ብዙ ነው። ነገር ግን የሣጥን ቁጥር አንድ ትልቅ ጠባይ አለው፤ ደብዳቤውን ያደርሳል እንጂ የባለቤቱን ደጃፍ አያሳይም፤ የሚከፍተውም ቁልፉ ያለው ብቻ ነው። ዛሬ መሐንዲሶች የሚደክሙት ይህንኑ ጠባይ ከክብሪት ሣጥን እምብዛም ለማይበልጡ ዕቃዎች ለመስጠት ነው።

ነገሩን ወደ ቤታችን ያመጣው የወንድሜ ልጅ ነው። አዳማ ምሕንድስና የሚማረው ይህ ልጅ፣ አባቱ ከጭላሎ ተራራ ሥር በሚያርሰው የስንዴ ማሳ የአፈሩን እርጥበት እየለካ በሬዲዮ የሚናገር መሣሪያ ሊተክል ተነሣ። መሣሪያው በሁለት ባትሪ ድንጋይ ዓመት እንዲቆይ ይፈለጋል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል፤ ሲነቃ ቃሉን ጣል አድርጎ ተመልሶ ይተኛል። ባትሪውን ክፉኛ የሚበላው መናገሩ ነውና። በአንድ ጊዜ የሚልከው ቢበዛ 127 ባይት ነው፤ አንድ የስልክ አጭር መልእክት እንኳ 140 ይይዛል።

አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ደግሞ 16 ባይት ነው። የላኪና የተቀባይ ሲደመር 32፤ ከጠባቧ ፖስታ ሩቡን አድራሻው ሊበላው ነው። ብልሃት ተገኘ። መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ የታተመበት፣ በዓለም ላይ ብቻውን የያዘው ቁጥር አለ። አድራሻው ከዚያ ከተሠራ፣ ተቀባዩ ከሬዲዮው ቁጥር ላይ ራሱ አስልቶ ያገኘዋልና ደግሞ መላክ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ደንብ ይህንኑ ይፈቅዳል። ባትሪ ይተርፋል።

የሚከፈለው በሌላ በኩል ነው። የፋብሪካው ቁጥር ዕቃው የትም ቢሄድ አብሮት ይሄዳል፤ ሠሪው ማን እንደሆነም ይናገራል። ቃሉ በምስጢር ቢታሸግ እንኳ ፖስታው ላይ ያለው ስም ግልጽ ነው። መንገድ ዳር ቆሞ በርካሽ መቀበያ የሚያደምጥ ሰው የትኛው መሣሪያ መቼና ስንት ጊዜ እንደተናገረ ይመዘግባል። መሬት ሲደርቅ ቶሎ ቶሎ እንዲናገር የታዘዘ መሣሪያ ከሆነ፣ የንግግሩ ብዛት ብቻ ድርቁን ያወራል።

ወንድሜ ሳቀ። «የኔን ጭቃ ማን ሊሰልል?» አለ።

«አባባ፣ ኮምባይነሩ ላይ ቢታሰርስ?» አለ ልጁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ኮምባይነር ከማሳ ማሳ ይዞራል። በየመንገዱ ዳር ጥቂት ማዳመጫ ያስቀመጠ ደላላ፣ አንዱን ስም ከአሰላ እስከ በቆጂ እየተከተለ የማን ስንዴ እንደታጨደ፣ የማን ገና እንደቆመ ከወንበሩ ሳይነሣ ያውቃል። ወንድሜ መሳቁን ተወ። ደላላን ያውቃላ!

ልጁ መድኃኒቱን ሲያስረዳን እናቴ ትዝ አለችኝ። በዓለም ስማችን እየጠራች ነው ያሳደገችን፤ የክርስትና ስማችንን ከቤተ ክርስቲያን ውጭ አታነሣም ነበር፤ መተት ይሠራበታል ባይ ናት። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ደንብ ከዚህ ብዙም አይርቅም። መሣሪያው ለማንም የማይነግረው ምስጢር በሆዱ ይይዛል፤ በደረሰበት መረብ ያንን ምስጢር ከመረቡ አድራሻ ጋር ፈጭቶ ስም ያወጣል። እዚያ እስካለ ስሙ ያው ነው፤ ሌላ ዘንድ ሲሄድ ሌላ። ከወፍጮ የወጣ ዱቄት ተመልሶ ስንዴ እንደማይሆን፣ ስሙን የሰማም ወደ ምስጢሩ አይደርስም።

ዳሩ ግን የሬዲዮው ቁጥር ካልተቀየረ ይህ ሁሉ ፊቱን ሸፍኖ በሚታወቅበት ጋቢ እንደሚዞር ሰው ነው። እዚህ ላይ የፖስታ ሣጥናችን ይመለሳል፦ የመረቡ በረኛ ለእያንዳንዱ የሚያድለው የ2 ባይት አጭር ቁጥር አለ። አብሮ የተወለደ አይደለም፤ ባትሪም ይቆጥባል። ጉድለቱ ማነሱ ነው። ከ65,536 አይበልጥምና፣ የኢንተርኔት አድራሻው በቀጥታ ከእሱ ከተሠራ ትዕግሥት ያለው ሰው ከሩቅ ሆኖ በየተራ ሊያንኳኳ ይችላል።

አስመሳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ደንብ መሣሪያው አድራሻውን ሲያስመዘግብ ከራሱ ቁልፍ የተሠራ መለያ ያኖራል፤ ሌላ መጥቶ «እኔ ነኝ» ቢል በረኛው ፊርማ ይጠይቀዋል። ፊርማም ባትሪ ይበላል።

እኔን የሚከነክነኝ የባትሪው ማለቅ ለሁሉ መታየቱ፣ የስሙ መሰማት ግን ለማንም አለመታየቱ ነው። ሁለቱ በተፎካከሩ ቁጥር ባትሪው ይረታል፤ ገበሬውንም የሚጠይቀው የለም። ወንድሜ ግን ተጠየቀ። የማሳው መሣሪያ አጭር ቁጥር ይይዛል፤ ሰኔ ሳይዘራ ባትሪው ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል። የኮምባይነሩን ነገር አንሥተው ተዉት፤ የኪራይ ነውና ባለቤቱ ምን እንደሚያስርበት ወንድሜ አያዝም።