ከእሳቱ በኋላ የሚመጣው ክረምት

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣው እሳት ጓሳ የተባለውን ሣርና አስታ የተባለውን ዛፍ ሲያወድም፣ የአካባቢው ነዋሪ ቅጠል ይዞ ተረባርቧል፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተዋል። እሳቱ ሲጠፋ ግን የሕዝቡ ትኩረትም አብሮ በረደ፤ የአፈሩ ፈተና ደግሞ የሚጀምረው ያን ጊዜ፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው።

የስሜን ደጋ አፈር በአብዛኛው አንዶሶል የሚባለው፣ ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘ፣ ጥቁርና በብስባሽ የበለጸገ አፈር በመሆኑ ሣሩ በላዩ ሳለ ዝናብን አምቆ ይይዛል። እሳት ሣሩንና ርጋፊውን ሲበላው የዝናቡ ጠብታ ያለ ከልካይ ወርዶ አፈሩን ይፈረካክሰዋል። ከዚህም ሌላ፣ እሳቱ በበረታበት ቦታ ከተቃጠለው ዕፅ የሚወጣው ሰም መሰል ተን ወደ አፈሩ ሰርጎ ቀዝቀዝ ያለው ንብርብር ላይ ሲደርስ ይረጋና ቅንጣቶቹን ይለብጣቸዋል፤ አፈሩ ውሃ የማያስገባበት ይህ ጠባይ ውሃ ገፊነት ይባላል። አመዱን ገለጥ አድርጎ በደረቁ አፈር ላይ የውሃ ጠብታ በማኖር ሊፈተሽ ይችላል፤ ጠብታው ከ5 ሰከንድ በላይ እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ከቆየ አፈሩ ውሃ ገፊ ሆኗል። መግቢያ ያጣው ዝናብ አመዱንና ለሙን አፈር ጠርጎ ሲወርድ መጀመሪያ ቀጫጭን ቦዮችን፣ እየዋለ ሲያድር ቦረቦርን ይፈጥራል፤ ደለሉም ወደ ተከዜ ይወርዳል።

በአገሪቱ የተለመደው መከላከያ እርከን መሥራት ነው፤ በእርሻ ማሳ ላይ ምስጉን የሆነው ይህ ሥራ በተቃጠለ ጓሳ ላይ ግን ጉዳት ሊያስከትል ይችላል፤ ምክንያቱም የጓሳው ሥርና የአስታው ጉቶ ብዙ ጊዜ ከመሬት በታች በሕይወት ቆይተው እንደገና ስለሚያቆጠቁጡና አፈሩንም አቅፈው የያዙት እነርሱ ስለሆኑ፣ በዶማ መበጠስ የለባቸውም። ገለባ መጎዝጎዝም ቢሆን የአረም ዘር ወደ ፓርኩ ሊያስገባ ስለሚችል፣ የተቃጠለውን የአስታ ግንድ ተዳፋቱን አቋርጦ ማጋደም ይመረጣል።

ከሁሉ የሚከብደው የከብት ጉዳይ ነው። ከአመዱ የሚወጣው ለምለም ቡቃያ መንጋን ይስባል፤ ሰኮናም ገና ያልጸናውን አፈር ይፈነቅላል፤ ስለዚህ የተቃጠለው ቦታ ቢያንስ ቡቃያው እስኪጠና ድረስ መከለል አለበት። ይሁንና እሳቱን ለማጥፋት በግንባር የተሰለፈው አርሶ አደር ራሱ ከብቶቹን የሚያሰማራው በዚያው ግጦሽ ላይ ነውና፣ ክልከላው ከመታወጁ በፊት መኖ ሊቀርብለት ይገባል።