ዓሣም ከኢሕሳን ውጭ አይደለም



እኛ የፒያሳ ልጆች ነን። ኑር (በኒን) መስጊድ ሰግደን ስንወጣ ሻይ ላይ ከምናወራቸው ነገሮች አንዱ ዓሣ ማጥመድ ሆኗል። አራዳ ሐይቅ የለውም፤ ዕረፍት ስናገኝ ወደ ዝዋይ ወይም ወደ ላንጋኖ እንወርዳለን። ትልቁን ጠብሰን እንበላለን፣ ትንሹን እንለቃለን። የተለቀቀው ዓሣ ግን በርግጥ ይተርፋል?

ዋኝቶ ሄደ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። በደረቅ እጅ ሲያዝ ከበሽታ የሚጠብቀው የሚያሟልጭ ሽፋኑ ይገፈፋል። ለፎቶ ሲባል ከውኃ ውጭ ሲቆይ ይታፈናል። በኋላ ማንም ሳያየው ሊሞት ይችላል። የቆሮሶ ነገር ደግሞ ይብሳል፤ እናቲቱ እንቁላሎቿንና ጫጩቶቿን የምትጠብቀው በአፏ ይዛ ነው። ስትያዝ ልትተፋቸው ትችላለች።

አላህ (ሱ.ወ) የባሕርን አደን ሐላል አድርጎልናል (አል-ማኢዳህ 96)። ዓሣም ሳይታረድ ይበላል። ከዚህ ተነስቶ "ዓሣ ምን ይሰማዋል?" የሚል ወንድም አይጠፋም። ሻዳድ ኢብኑ አውስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ግን፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን እንደደነገገ ነግረውናል፤ ለሚታረድ እንስሳ እንኳ ቢላዋው እንዲሳል አዘዋል። ዓሣ ከቢላዋው ነፃ ሆነ እንጂ ከኢሕሳን አልወጣም። ለሚበላው ይህን ያህል ከታዘዘልን፣ ለምንለቀውማ እንዴት!

ጉዳዩ የውቅያኖስ አጥማጆችንም ያሳስባል። ከጥልቅ የወጣ ዓሣ የአየር ከረጢቱ ስለሚነፋ ተመልሶ መስመጥ ያቅተዋል። አሜሪካ በ2022 (እ.ኤ.አ.) በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አንዳንድ ዓሦችን የሚያጠምዱ ጀልባዎች ዓሣውን ወደ ጥልቁ የሚመልስ ወይም አየሩን የሚያስወጣ መሣሪያ እንዲይዙ የሚያስገድድ ሕግ በሥራ ላይ አውላ ነበር።

እኛ የተስማማነው ይህን ነው፦

1. ከመንጠቆው ጫፍ ወደ ኋላ የዞረችውን ሹል በፒንሳ እንደፈጥጣለን፤ መንጠቆው ሳይቀድ ይወጣል።
2. ዓሣውን የምንነካው እጃችንን አርሰን ነው፤ ከሆዱ ሥር እንደግፈዋለን እንጂ በስንጥቡ አናንጠለጥለውም።
3. መንጠቆውን ከዋጠው አንጎትትም፤ ክሩን ከአፉ አጠገብ እንቆርጣለን።
4. ውኃ ውስጥ ይዘነው ራሱ ሲንቀሳቀስ እንለቀዋለን።
5. የሚበላው ከበቃን መንጠቆውን እናነሳለን። እየያዙ መልቀቅ ብቻውን መዝናኛ አይሁንብን።

የመጨረሻው ለወጣት ይከብዳል፤ ዓሣው እየነከሰ ማን ይነሳል? ነፍስን መግታት የሚባለው ግን እዚያው ሐይቅ ዳር ይጀምራል።

አላህ ለፍጥረቱ ከሚያዝኑት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።