ለተመራቂው ሰዓት ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ጠጋኙን ጠይቁ!

ሰኔና ሐምሌ መጡ ማለት የጥቁር ጋውን፣ የአበባና የፎቶ ሰሞን መጣ ማለት ነው። በየቤቱ «ለልጁ ምን እናድርግለት?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ገጠር ቢሆን መልሱ ብዙም አያስቸግርም። ልጅ ለአቅመ አዳም ደረሰ ሲባል ጥጃ ወይም በግ ይሰጠዋል፤ እሱም አርብቶ ጎጆ ይወጣበታል። እኛ የከተማ ሰዎች ጥጃውን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የት አባታችን እናስረዋለን? ስለዚህ እኛ ዘንድ ልጅ «ሰው ሆነ» የሚባለው በምርቃቱ ዕለት ነው፤ ጥጃውም ወይ ቀለበት፣ ወይ ሞባይል፣ ወይ የእጅ ሰዓት ሆኖ ይመጣል።

እኔ የሰዓት ወገን ነኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ታናሽ ወንድሜ ሊመረቅ ሁለት ወር ሲቀረው ቤታችን ሸንጎ ሆኖ ነበር። እማዬ «ወርቅ ይሁንለት፤ ሲቸግረው ይሸጠዋል» አለች። ዱባይ የምትሠራው ታላቃችን ደግሞ በስልክ «አዲስ ሞባይል ልላክለት» አለች። ባለጉዳዩ ራሱ ሲጠየቅ ስልኩን ከኪሱ አወጣና የአንድ ትልቅ ወርቃማ ሰዓት ፎቶ አሳየኝ። ፊቱ ላይ «ሮሌክስ» ይላል። ዋጋው ግን የሁለት ሰው ምሳ ነው።

«ይሄ እኮ ፎርጅድ ነው» አልኩት።

«እሱማ ነው። ግን ማን ያውቃል?» አለኝ እየሳቀ።

ማን ያውቃል! ጎበዝ፣ ነገሩ ያንገበገበኝ እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ልጅ የመጀመሪያውን የትልቅ ሰው ዕቃ ስትሰጡት ዕቃውን ብቻ አይደለም የምትሰጡት፤ አብሮት አንድ ትምህርት ይሄዳል። ልጁ ነገ ሥራ ሊይዝ፣ ፊርማውን ሊያኖር፣ የሰው ገንዘብ ሊቆጥር ነው። በዚህ ዕለት የውሸት ስም እጁ ላይ ካሰራችሁለት «መሆን ባትችል መምሰል ይበቃሃል» ብላችሁ መረቃችሁት ማለት ነው። የእኔ ክርክር ስለ ብረት አልነበረም፤ ስለ ልጁ ነበር።

«በሞባይል ዘመን ሰዓት ምን ያደርጋል? ፋራ አትሁኚ» ያሉኝም አልጠፉም። ሞባይል ሰዓት ያሳያል፣ አልካድኩም። ግን ሰዓት ልታዩ የከፈታችሁት ሞባይል ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው የሚዘጋው፤ ያውም ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳታዩ! ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርቦ ሞባይሉን የሚነካካ ልጅ ደግሞ ጠያቂዎቹ ምን እንደሚሉት ታውቁታላችሁ። ከሁሉ በላይ ግን ወንድሜን አውቀዋለሁ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሱ ሰዓት እማዬ ነበረች። «ተነስ፣ 1 ሰዓት ሆነ!» ብላ ቀስቅሳ፣ «ፈተናህ 3 ሰዓት ነው!» ብላ ሸኝታ እዚህ አድርሳዋለች። የሚጠብቀው ሥራ ያለው ደግሞ ሐዋሳ ነው። እዚያ ማን ይቀሰቅሰዋል? «የሐበሻ ቀጠሮ» እያልን የምንቀልድበት በሽታ እኮ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሰዓታችንን ሌላ ሰው ሲይዝልን ነው።

ቤተሰቡን አሳምኜ ሱቅ ለሱቅ መዞር ጀመርኩ። ሻጭ ሁሉ «ኦሪጅናል ነው» ይላል። አንዱማ «የስዊዝ ነው» ብሎ ጀምሮ ዋጋው እንደከበደኝ ሲያይ ያንኑ ሰዓት የጃፓን አደረገው! በመጨረሻ ሻጮቹን ትቼ ጠጋኝ ፍለጋ ሄድኩ። ድሮ ቢሆን ፒያሳ ብቅ ማለት ይበቃ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ ግን ከነባሮቹ ሱቆች ብዙዎቹ ተነስተዋል። እኔ ያገኘኋቸው ሽማግሌ አንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ ትንሽ የመስታወት ሳጥን ፊታቸው አድርገው፣ አንድ ዓይናቸው ላይ ማጉያ መነጽር ሰክተው ይሠራሉ።

«አባባ፣ ለወንድሜ ምርቃት ሰዓት ልገዛ ነው። የትኛው ይሻለኛል?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝና «እኔ ሰዓት አልሸጥም» አሉኝ።

«ለዚህ እኮ ነው እርስዎ ጋ የመጣሁት።»

ሳቁ። ከመሳቢያቸው አንድ እፍኝ የሞቱ ሰዓቶች አውጥተው ጨርቅ ላይ ዘረገፉልኝ። ሁሉም ትልልቅ ስም አላቸው፣ ሁሉም ያብለጨልጫሉ። «እነዚህ ሲታመሙ ሐኪም የላቸውም፤ ያላቸው ቀብር ነው። የኔ ልጅ፣ ሰዓት ስትገዢ ስሙን አትጠይቂ። ሲበላሽ የሚሠራው አለ ወይ? ዕቃውስ ይገኛል ወይ? ብለሽ ጠይቂ» አሉኝ።

ከሳቸው የሰማሁትንና በኋላ እያነበብኩ ያጣራሁትን እነሆ።

መጀመሪያ የሰዓቱን ሆድ እንይ። ጠጋኞች «ማሽን» የሚሉት ማለት ነው። አንደኛው ዓይነት ባለባትሪው ኳርትዝ ነው። ውስጡ ያለች ትንሽ የኳርትዝ ድንጋይ ኤሌክትሪክ ሲደርሳት በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ ሰዓቱም እሷን እየቆጠረ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን የእጅ ሰዓት መጀመሪያ ለገበያ ያወጣው የጃፓኑ ሴኮ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1969። ደህና ኳርትዝ በወር ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ቢሳሳት ነው፤ ባትሪውም ሁለት ሦስት ዓመት ያገለግላል። ሁለተኛው በሞላ የሚሠራው ነው። ኦቶማቲክ ከሆነ እጃችሁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሞላው ራሱን ያጠብቃል፤ ሁለት ቀን አውልቃችሁ ካስቀመጣችሁት ግን ቀጥ ይላል። በቀን 20 ሰከንድ ቢሳሳት አይፈረድበትም። ደግነቱ እየተፈታ፣ እየተጠረገና ዘይት እየተቀባ ብዙ ዓመት ይኖራል። ሦስተኛው በብርሃን የሚሞላው ነው፤ ፀሐይ ካገኘ ለብዙ ዓመት ባትሪ ቀይሩልኝ አይልም። ዝንጉ ለሆነ ልጅ ኳርትዝ ወይም የብርሃኑ ይሻለዋል። ዕቃ መንከባከብ ለሚወድ ኦቶማቲክ ስጡት።

ቀጥሎ ገላውን እዩ። «ወርቃማ» ከሚባለው አብዛኛው ርካሽ ብረት ላይ የተቀባ ቀለም ነው። የእጅ ላብ ሲነካው ይላጣል፤ ከሥሩ ያለው ብረት ኒኬል ካለበት ደግሞ ቆዳን ሊያሳክክ ይችላል። የማይዝግ ብረት ከሆነ ግን ላብም ዝናብም አይፈራም። መስታወቱ ሳፋየር ከሆነ በቀላሉ አይጫርም፤ ከሳፋየር የሚጠነክር አልማዝ ነው። ውኃን በተመለከተ አትሸወዱ። «3 ባር» ወይም «30 ሜትር» የሚል ጽሑፍ እጅ ለመታጠብና ለካፊያ እንጂ ለዋና አይደለም፤ ለሚዋኝ ልጅ 100 ሜትር የሚለውን ፈልጉ። መጠኑንም ተመልከቱ። የሰዓቱ ጫፍና ጫፍ ከእጁ አንጓ ወጥቶ ከተንጠለጠለ ሰዓት ሳይሆን ምጣድ ነው ያሰራችሁለት።

ፎርጅድ እንዴት ይታወቃል? «ሰከንድ ቆጣሪው ሳይዘል ከፈሰሰ ኦሪጅናል ነው» የሚባለውን እርሱት፤ ርካሽ ኦቶማቲክም ይፈሳል። ፊቱ ላይ ትንንሽ ክቦች ያሉትን ሰዓት ስታገኙ ግን የጎኑን ቁልፎች ተጫኑ። ምንም ካልተንቀሳቀሰ ክቦቹ ሥዕል ናቸው ማለት ነው። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ ጀርባውን ጠጋኝ ይክፈትላችሁ፤ እምቢ ካለም መልሱን አገኛችሁ።

አሁን አንድ ሌላ ጽሑፍ ላይ የማታገኙትን ልንገራችሁ፤ የእኛ አገር ሰዓት አቆጣጠር ጉዳይ ነው። ቆጣሪ ያለው ሰዓት በውጭ አቆጣጠር ተሞልቶ ከሆነ የእኛን ለማወቅ ማስላት አያስፈልግም። ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት ስለሆነ የሰዓት ቆጣሪው ከሚያመለክተው ቁጥር ፊት ለፊት ያለውን ማንበብ ነው። 7 ላይ ከሆነ ፊት ለፊቱ 1 ነው፤ የእኛ 1 ሰዓት ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር መሙላት ከመረጣችሁ ደግሞ ቀን የሚያሳየው መስኮት የሚዞረው 12 ሰዓት ላይ ነው። 12 ደግሞ ሁለት አለን፤ የንጋትና የምሽት። ምሽት 12 ላይ ከዞረባችሁ ቆጣሪውን አንድ ሙሉ ዙር ወደፊት ውሰዱት፤ ከዚያ በኋላ በንጋቱ ይዞራል። ቀኑን በእጅ ስታስተካክሉ ግን ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት አትንኩት፤ ቀን የሚያዞሩት ጥርሶች ሥራ ላይ ስለሚሆኑ ሊሰበሩ ይችላሉ። አንድ ነገር ደግሞ አለ። መስኮቱ እስከ 31 ነው የሚቆጥረው። በፈረንጅ ቀን የሚሄድ ሰው በዓመት 5 ጊዜ ያስተካክለዋል፤ በእኛ የሚሄድ ወራቱ 30፣ 30 ስለሆኑ ጳጉሜን ጨምሮ 13 ጊዜ። ይህ ከሰለቸው ቀን የሌለው ሰዓት ግዙለት።

«ኪሴ ባዶ ነው» የምትሉስ? አትሸማቀቁ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣችው ባለጎማዋ ካሲዮ ኤፍ 91 ዛሬም ትሸጣለች፤ አንዱ ባትሪ 7 ዓመት ገደማ ይቆይላታል። የሷም አስመሳይ ሞልቷል። የቀኟን ቁልፍ ለ3 ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፤ እውነተኛዋ መስኮቷ ላይ የራሷን ስም ትጽፋለች። አንዳንድ አስመሳይ ይህንንም ኮርጇል፤ ካልጻፈች ግን ጥላችሁ ሂዱ። እውነተኛ ካሲዮ ከውሸት ሮሌክስ ይከብራል!

እኛ የመረጥነው ሴኮ 5 ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተጀመረ የኦቶማቲክ ቤተሰብ ነው፤ ጠጋኙ ሽማግሌም «ይሄንን እኔም አውቀዋለሁ፣ ዕቃውም አይጠፋም» ብለውኛል። እህታችን ከዱባይ ከነደረሰኙና ከነዋስትናው በሰው እጅ ላከችው። ዕለቱን በእንግሊዝኛም በዓረብኛም ያሳያል። ግማሹን ገንዘብ እኔ ቻልኩ፤ እማዬም ከዕቁቧ ጨመረችበት።

ወንድሜ ሳጥኑን ሲከፍት ደስ አለው ብላችሁ እንዳትጠብቁ። «ይሄ እኮ የሽማግሌ ሰዓት ነው» አለ። ምንም አልመለስኩለትም። ማሰሪያው ስለሰፋው በማግስቱ ሽማግሌው ጋ ይዤው ሄድኩ። እሳቸውም ሁለት አንጓ አውጥተው ካሳጠሩለት በኋላ «ና እስቲ የኔ ልጅ፣ ያንተን ነገር እይ» ብለው ጀርባውን ከፈቱለትና ማጉያውን ሰጡት። ውስጧ እየተወዛወዘች የምትመታዋን ትንሽ መንኮራኩር ሲያይ ዝም አለ። ከዚያ «ይቺ ስትቆም ነው የሚሞተው?» ብሎ ጠየቃቸው። «አይ፣ ስትቆም እኔ ጋ ታመጣዋለህ» አሉት። የወጡትን ሁለት አንጓዎች በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ የከተተው ራሱ ነው፤ እኔ አላዘዝኩትም።

ሐዋሳ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ለእማዬ ደውሎ «እማ፣ ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አትደውዪልኝ፤ እኔው እነሳለሁ» አላት። «ጎሽ ልጄ» ብላ መርቃው ስልኩን ዘጋች። ትንሽ ቆይታ ግን «እንግዲህ ጠዋት ማንን ልቀስቅስ ነው?» አለችኝ። ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ቤቱ ውስጥ ሥራ የሚፈታ ሰው እንዳለ ያኔ ነው የገባኝ። ስለዚህ ስጦታ ስትገዙ እናቲቱንም አትርሷት፤ ቢያንስ የሳጥኑን ክር እሷ ትፍታው።

እንግዲህ ለዘንድሮ ተመራቂ የምታስቡ ሁሉ፣ መጀመሪያ ጠጋኙን ጠይቁ፣ ከዚያ ሻጩ ጋ ሂዱ። ደረሰኙንና የተረፉትን አንጓዎች አስቀምጡለት። ገንዘብ ከተረፋችሁ ጀርባው ላይ ስሙንና የምርቃቱን ዓመተ ምሕረት አስቀርጹለት፤ የተቀረጸ ሰዓት ለመሸጥ እጅ አይፈጥንም። እናንተ ተመራቂዎች ደግሞ ትንሽ ስም ያለው እውነተኛ ሰዓት ሲሰጣችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩ። ቤተሰቦቻችሁ ሰው ሆናችኋል ማለታቸው ነው።

መልካም የምርቃት ሰሞን! ቀጠሮ አክብሩ!