ኮርስና ፎኒክስ በአንድ አስፋልት

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አዲስ አበባ፣ አየር ጤና ላይ ኮርሰኞች፣ ማለትም የውድድር ብስክሌት የሚነዱት፣ ይሰባሰባሉ። ወደ ካራ ቆሬ፣ ዓለም ገናና ሰበታ ሊነዱ ነው። ማልያቸው ደማቅ፣ ብስክሌታቸው በአንድ እጅ የሚነሳ። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አስፋልት፣ በአሮጌ ፎኒክስ ብስክሌት ዳቦ ጭኖ ወደ ሱቅ የሚያደርስ ወጣት ዳገቱን ይገፋል። ኮርሰኞቹ አጠገቡ ሲደርሱ “ቀኝህን ያዝ!” ብለው ይጮኹበታል። እሱም “መንገዱን ገዝታችሁታል?” ይላቸዋል። ተሰዳድበው ይለያያሉ። ከኋላቸው የሚመጣው ሲኖትራክ ግን ለሁለቱም እኩል አደጋ ነው፤ ሁለቱም የሚነዱት በዚያችው አንድ ክንድ በማትሞላ የመንገድ ጠርዝ ነው።

*

ተራ መግባትን ከኮርሰኛ በላይ የሚያውቅ ስፖርተኛ አላየሁም። የፊተኛው ነፋሱን ይሰብራል፣ ተጠግቶ የሚከተለው እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ይቆጥባል። ስለዚህ መሪው ሲደክመው ወደ ጎን ይወጣል፣ ሌላው ይተካዋል። ማንም “ለምን እኔ?” አይልም። ይህን ያህል ተሳስቦ የሚነዳ ቡድን ከቡድኑ ውጭ ላለ ብስክሌተኛ ሰላምታ ሲነፍግ ማየት ያሳዝነኛል።

*

በቀለበት መንገድ፣ ከጦር ኃይሎች ወደ ዊንጌት በሚወስደው በኩል፣ ከመኪና ፊት ለፊት በተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጣ ብስክሌተኛ ያጋጥማል። ብስክሌተኞችን እርስ በርስ እንደዚህ የሚያጣላ ነገር የለም። ሕግ አክባሪው “ስማችንን የምታስጠፉት እናንተ ናችሁ” ይላል። እውነቱን ነው፤ አደገኛ ነው፣ ክልክልም ነው።

አንድ ጊዜ ግን እንዲህ ሲያደርግ ያየሁትን ሰው ጠጋ ብዬ ጠየቅሁት። በዕድሜ የገፋ ነው፤ ከኋላው በጎማ ገመድ የታሰረ የሽንኩርት ጆንያ አለ። “ወንድሜ፣ ቤቴ እዚያ ማዶ ነው” አለኝ በእጁ እያሳየኝ። መሀሉ በግንብ ተከፍሏል። መሻገሪያው የእግረኛ ድልድይ ነው፣ ድልድዩ ደግሞ ደረጃ ነው። ጆንያ የጫነ ብስክሌት ደረጃ አይወጣም። ሕጋዊው መንገድ መዞሪያ እስኪገኝ ወደፊት ሄዶ በሌላው ወገን መመለስ ነው፤ ጭነት ለያዘ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ይህን ለአንድ ኮርሰኛ ወዳጄ ብነግረው “ምክንያትማ ለሁሉም አለው” አለኝ። አዎ፣ አለው። ሰውየው ዛሬም ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ምክንያቱን ያዳመጠ ብስክሌተኛ ስድቡን ትቶ ሌላ ጥያቄ ያነሳል፦ በደረጃው ጎን ጎማ የሚገፋበት ቦይ ለምን አልተሠራም? በኔዘርላንድስ የባቡር ጣቢያዎች ደረጃ ላይ እንዲህ ያለ ቦይ የተለመደ ነው። ብዙ ሲሚንቶም አይጠይቅም። ይህን ጥያቄ ወዳጄና ባለ ሽንኩርቱ አብረው ይዘውት ቢሄዱ፣ ወዳጄ ብቻውን ከሚጽፈው አቤቱታ የበለጠ ጆሮ ያገኛል።

*

ሄልሜት። የሚያደርገው የማያደርገውን “ጭንቅላትህን አትወደውም?” ይለዋል፣ የማያደርገውም “ገንዘቡን ስጠኝና ላድርግ” ይመልሳል። እኔ በግልጽ ከመጀመሪያው ወገን ነኝ፤ ሄልሜት ሕይወት ያድናል። ሰው ፊት ተዋርዶ ሄልሜት ያደረገ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ሁለተኛ ሄልሜቱን ለጎረቤቱ ልጅ የሰጠ ግን አውቃለሁ፤ ልጁ ዛሬም ያደርገዋል።

*

በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ፣ ሜልቦርን ላይ አራት ብስክሌተኞች አሰለፈች፦ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባህታና ንጉሤ መንግሥቱ። ኤርትራ በፌዴሬሽን በነበረችበት ዘመን የአስመራና የመሀል አገር ልጆች አንድ ማልያ ለብሰው ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ውድድር ተሰለፉ። የቡድን ደረጃ የሚወጣው የሦስቱ ፈጣኖች ቦታ ተደምሮ ስለነበር አንዱ ብቻውን ቢፈጥን ለቡድኑ አይበቃም ነበር። ዘጠነኛ ወጡ።

በ2008 ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2016 ደግሞ ከትግራይ የወጣችው እየሩ ገብሩ በፓሪስ ኦሎምፒክ የተወዳደረችው በስደተኞች ቡድን ማልያ ነው። ኮልፌ ሻይ ቤት ውስጥ የእሷ ስም ሲነሳ ብስክሌተኞች ለሁለት ሲከፈሉ ሰምቻለሁ፤ አንዱ “ለአገሯ በነዳች ነበር” ሲል ሌላው “አገሯ ምን አድርጎላት?” ይላል። ድምፅ ከፍ ይላል፣ ከዚያ የሰው ዘር ይጠራል፤ ያኔ ወሬው ስለ ብስክሌት መሆኑ ያበቃል። በዚያ ወሬ መሀል አንድ ጠና ያሉ ሰው “ልጆቼ፣ ያን የትግራይ ጦርነት አንዳችሁም በብስክሌት አልጀመራችሁትም” ብለው ሁለቱንም ዝም አሰኟቸው። ሁለቱም ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ ሻያቸውን ግን አብረው ጨረሱ። ለእኔ ያ በቂ ነው።

*

በኅዳር 2011 “መንገድ ለሰው” የተባለው ከመኪና ነፃ ቀን ሲጀመር፣ ለመኪና በተዘጋ አስፋልት ላይ ልጃገረዶች በብዛት ብስክሌት ሲነዱ ታየ። በሌላው ቀን የት ሄዱ? አንዷን ብጠይቃት ከሾፌር ስድብ ይልቅ ያስመረራት የወንድ ብስክሌተኞች “ውረጂ፣ ትወድቂያለሽ” ማለት እንደሆነ ነገረችኝ።

*

በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት በከተማዋ የብስክሌት መንገድ ጨምሯል። በዚህም ላይ ስምምነት የለም። ኮርሰኛው “እግረኛ ይሞላዋል፣ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንዴት ልንዳበት?” ይላል፤ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስ አባት ደግሞ “ሕይወቴን ያዳነልኝ እሱ ነው” ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚነዱት የተለያየ ነገር ነው። በአዲስ አበባ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን ግን አንርሳ። በዚያ መስመር የሚሄደውን እግረኛ የሚገፈትር ብስክሌተኛ፣ ፈጣንም ይሁን ዘገምተኛ፣ ከእኔ ድጋፍ አያገኝም።

*

“ዞር በል አንተ ሽማግሌ!” እና “አባባ፣ በግራዎ ልለፍ” ለማለት የሚፈጀው ትንፋሽ እኩል ነው። የመጀመሪያውን የሰሙት አዛውንት ደንግጠው ማኑብሪያቸውን ወደ መኪናው በኩል ሲያዞሩ በዓይኔ አይቻለሁ።

*

ጦር ኃይሎች ላይ፣ ባለፈው ክረምት። ኮርሰኞቹ በሰልፍ ሲመጡ የፊተኛው በእጁ ወደ መሬት ጠቆመ፤ የኋለኞቹም እየተቀባበሉ ጠቆሙ። የመጨረሻው፣ ከኋላው የሚከተለው ሰው የቡድናቸው እንዳልሆነ እያየ፣ ለእሱም ጠቆመለት። ያ ሰው ጀሪካን የጫነ ነበር፤ ጉድጓዱን በጠርዙ አለፈው። መብራት ሲይዛቸው “ምን ማለትህ ነው?” ብሎ ጠየቀ። ኮርሰኛው ምልክቶቹን አንድ በአንድ አሳየው፦ ጣት ወደ ታች ጉድጓድ፣ እጅ ከወገብ ኋላ ወደ ጎን ውጣ፣ መዳፍ ወደ ላይ ቁም። ባለ ጀሪካኑ ደግሞ እስከ 18 ማዞሪያ ድረስ ክዳናቸው የጠፋ የጎርፍ ጉድጓዶች የት የት እንዳሉ ነገረው። በየቀኑ ስለሚያልፍባቸው በውኃ ተሸፍነው እንኳ ያውቃቸዋል። ኮርሰኛው ስልኩን አውጥቶ መዘገባቸው።