የቤት ስሙስ?

የዚህ ጉዞ ጠንሳሽ ስቶክሆልም የምትኖረው የአጎቴ ልጅ ናት። ስዊድናዊት ጎረቤቷ ከዘመዶቿ ጋር አውቶቡስ ተከራይታ፣ የቅድመ አያቶቿን መንደሮች ስትዞር ከርማ መጣችና አወራቻት። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1686ቱ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ወዲህ ቄሱ የተወለደውንም፣ የተጋባውንም፣ የሞተውንም የመመዝገብ ግዴታ ነበረበት። ሥራው መዝገብ መግለጥ ብቻ ነው። «እኛስ?» አለችኝ በስልክ። እኛማ ያለን አንድ ወረቀት ነው፤ ጥጉን አይጥ የቀመሰው፣ በ1945 ዓ.ም. «ሀገረ ሕይወት» ተብሎ የተጻፈበት የአያታችን የሥራ ማስረጃ።

በጥር አንድ ቅዳሜ 14 ሆነን ኮስተር ተከራየንና በቡራዩ በኩል ወጣን። ትልቋ አክስቴ ናት፣ ሰማንያን ልትደፍን ትንሽ የቀራት። ትንሿ የአጎቴ ልጅ ልጅ፣ ገና 10 ዓመቷ።

በዚህ መንገድ ላይ ሁለት ስም የሌለው ከተማ ማግኘት ይቸግራል። ሆለታ፣ ገነትም ተብላለች። የስዊድን መኮንኖች ያስተማሩበት የጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. የተከፈተው እዚህ ነው። ይህን ስነግራት ልጅቱ ከስልኳ ቀና አለች፤ በጉዞው ለመጀመሪያ ጊዜ። አዲስ ዓለምን አገሬው ኤጄሬ ይላታል። አዲስ አበባ ማገዶ ሲጠፋባት ምኒልክ ወደዚህ ሊዛወሩ ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። ባሕር ዛፍ ደረሰላትና አዲስ አበባ ተረፈች፤ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ወርደን ተሳለምን። ጊንጪን በእንቅልፍ አለፍናት።

አምቦ የደረስነው ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን፣ ረፋዱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ ሲሸጥ የኖረውን ውሃ በገዛ አገሩ አዘዝን። አስተናጋጁን «ሀገረ ሕይወት የት ነው?» ብንለው፣ «ሆቴል ነው?» አለን። ከተማህ ናት እንጂ ስንለው ሳቀ፣ ያሾፍንበት መስሎት። አልፈርድበትም። ወሊሶ ጊዮን፣ አዳማ ናዝሬት፣ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት በተባሉበት ዘመን የወጣ ስም ነው። ማኅተም ላይ ይኖር ነበር፤ ገበያተኛው ግን አምቦን አምቦ ማለት የተወበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

የሰውም እንዲሁ ነው። ከአምቦ አቅራቢያ ቦዳ የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ሙሉ ስሙ ሲጠራ ቀዌሳ ይከተላል። አባትየው በክርስትና ስም፣ አያትየው በኦሮሞ ስም። እሱ ቢያንስ ሰንሰለቱን ሳይበጥስ ይዞታል። የእኛ አያት ግን ቀለበቷን ሰውሯት ሄደ።

ይህን ያወቅነው ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ጉደር ነው። ወረቀታችንን ይዘን ሱቅ ለሱቅ፣ ሻይ ቤት ለሻይ ቤት «ወልደ» ብሎ የሚጀምረውን ስም እየጠራን ጠየቅን። ሰው ሁሉ ትሑት ነው፤ የሚያውቀው ግን የለም። ስምንት ሰዓት ሲሆን የሾፌሩ ፊት ተለወጠ። መንገድ ዳር ሽንኩርት በመደብ በመደብ ደርድራ የምትሸጥ አሮጊት ወረቀቱን ተቀብላ አገላበጠችና (ማንበብ አትችልም) መለሰችልን።

«ይሄ የመንግሥት ስሙ ነው። የቤት ስሙስ?»

ተያየን። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ዝቅ ባለ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ስም ተናገረች፤ በኦሮምኛ ዝናብ ማለት ነው። እዚህ እንዳልጽፈው አስምላኛለች። አባቷ ማታ ማታ ብቻውን ሲሆን ራሱን ይጠራበት ነበር አለች። ስድሳ ዓመት ሙሉ ለአንዳችን አልነገረችም። ለምን ብላት፣ «ማን ጠየቀኝ?»

ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓትም አልፈጀ። ሽንኩርቷን ለጎረቤቷ ትታ ኮስተራችን ላይ ተሳፈረችና ወደ አንድ የቆርቆሮ ቤት ወሰደችን። የአያታችን የታናሽ ወንድም ልጅ፣ እድሜ የጠገቡ ሽማግሌ፣ በራፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አክስቴ ያን ስም ስትነግራቸው ምርኩዛቸው ከእጃቸው ወደቀ። ጭኮ ቀረበ፣ ቡና ተቆላ። ሾፌሩ አስተርጓሚ ሆነ፤ ኩርፊያውም ያኔ ለቀቀው።

ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን በጣቶቻቸው አንጓ ላይ እያሳለፉ ወደ ላይ ቆጠሩ። በአንድ ትንፋሽ ዘጠኝ ስም፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፉም። የአጎቴ ልጅ በስልኳ ትቀዳለች፣ እንባዋ ይወርዳል። አያታችንም ተራው ሲደርስ በዝናቡ ስሙ ተጠራ፤ ልጅ ሳለ ወደ አምቦ የሄደ፣ ከዚያ ወዲህ ወሬው የጠፋ። ሴት አልቆጠሩም። አክስቴ ስለ እናቶቹ ስትጠይቃቸው ሁለት ብቻ አስታወሱና ሳቅ ብለው ተዉት።

ከዚያ እጃቸውን ወደ ልጅቱ ዘረጉ። ስሟ ማን ነው? ስዊድን አገር የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ፓስፖርቷም ላይ፣ የፖስታ ሣጥናቸውም ላይ ያ የወረቀቱ ስም ነው ያለው። ክፍል ውስጥ ስሟ እንደተጠራ ተማሪ ቀጥ ብላ ቆማ፣ የራሷን ስምና «ወልደ» የሚለውን አስከትላ ተናገረች።

ሽማግሌው ግንባራቸውን ቋጠሩ። ጣታቸውን ከአንጓቸው ላይ ሳያነሱ ወደ ሾፌሩ ዞሩ።

«እሱ ደግሞ የማን ልጅ ነው?»