ተጨማሪ መብራትና የሌሊት ጉዞ

ሌሊት ከከተማ ርቆ የሚነዳ ሾፌር ከዚያ ሁሉ ሰፊ ምድር የሚያየው የመኪናው መብራት የሚገልጥለትን ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው፤ በጨለማውም ውስጥ መንገድ የሚያቋርጥ ከብት፣ ተበላሽቶ የቆመ መኪና፣ ከገበያ አምሽቶ የሚመለስ ሰው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ብዙዎች ከፋብሪካ ከመጣው የፊት መብራት ሌላ ተጨማሪ መብራት ገዝተው በመኪናቸው ላይ ያስገጥማሉ። አሳባቸው መልካም ነው። ሲመርጡ የሚያነሡት ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ከዋናው ነገር የራቀ ነው። «ስንት ዋት ነው?» ይላሉ። በእኔ አስተያየት ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው፣ «ያየሁት ነገር ላይ ሳልደርስ ለመቆም ምን ያህል ርቀት ያስፈልገኛል?» የሚለው ነው።

ነገሩን በስሌት እንመልከተው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሾፌሩ አንድ ነገር አይቶ፣ ምንነቱን ተረድቶ፣ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት፣ መኪናው ፍሬን ሳይያዝ 33 ሜትር ተጉዟል። ከዚያም በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም አነስተኛ መኪና 36 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ድምሩ 70 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ፍጥነቱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ካደገ ርቀቱ ወደ 100 ሜትር ይጠጋል፤ መንገዱ ጠጠር ወይም መኪናው ከባድ ጭነት ያለበት ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ወደ መሬት ያቀረቀረው አጭር መብራት አጥርቶ የሚያሳየው በአብዛኛው ከ50 እስከ 60 ሜትር ያለውን ነው። እንግዲህ በአጭር መብራት በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚነዳ ሰው፣ መንገድ ላይ የተኛውን በሬ ባየበት ቅጽበት የማቆሚያው ርቀት አልፎታል።

ረጅሙ መብራት ከ100 እስከ 150 ሜትር ሊደርስ ስለሚችል ችግሩን ያቃልላል። የተጨማሪው መብራት ቦታ ከዚያ ወዲያ ነው። እዚህ ላይ አንድ የፊዚክስ ሕግ ማስታወስ ይገባል፤ ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ሁለት እጥፍ ርቆ ለማየት አራት እጥፍ ብርሃን ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ ደግሞ አምፖል በመደርደር ብቻ የሚገኝ አይደለም። ከአምፖሉ ጀርባ ያለው አንጸባራቂ ብርሃኑን ሰብስቦ እንደ ጦር ሲያሾለው ነው የሚገኘው። ስለዚህ ጨረሩ የሾለ መብራት ለቀጥተኛና ለሜዳማ መንገድ፣ ጨረሩ የሰፋ ደግሞ ለጠመዝማዛና ዳር ዳሩ ቁጥቋጦ ለበዛበት መንገድ ይስማማል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

በመምህርነት ዘመኔ ለዕረፍት ስመላለስ ከአዋሽ በገዋኔ አድርጎ ወደ ሚሌና ወደ ሎጊያ በሚወስደው መንገድ ላይ በጭነት መኪና ደጋግሜ ተጉዣለሁ። ይህ መንገድ እ.ኤ.አ. እስከ 1998 ድረስ ወደ አሰብ ወደብ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ከባድ መኪናዎች የሚበዙበት ነው። የቀኑ ሙቀት ኃይለኛ ስለሆነ ምሽቱን የሚመርጡ ሾፌሮች ብዙ ናቸው። ችግሩ ምሽቱን የሚመርጡት ሾፌሮች ብቻ አለመሆናቸው ነው፤ እረኛውም ከብቱም ቀዝቀዝ ሲል ይንቀሳቀሳሉ። የፍየል፣ የበሬና የአህያ ዓይን መብራት ሲያርፍበት መልሶ ስለሚያበራ ከሩቅ ያስታውቃል። ግመል ግን ረጅም ነው። ዓይኑ ከአጭሩ መብራት ጨረር በላይ ይቀርና ለሾፌሩ የሚታዩት አራት ቀጫጭን እግሮች ይሆናሉ፤ እነርሱም መልካቸው ከአሸዋው ብዙ አይለይም። የሰው ዓይን ከነጭራሹ አያበራም። ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ከሩቅ ይታያል፤ ጥቁር ብርድ ልብስ የደረበው ግን መኪናው አጠገቡ እስኪደርስ ድረስ የጨለማው አካል ነው።

ከእነዚህ ጉዞዎች በአንዱ አብሬው የተሳፈርኩት አንድ በዕድሜ የገፋ ሾፌር ከፓራውልቱ በላይ ሁለት ተጨማሪ መብራቶች ብቻ ነበሩት። ቀን ቀን ጠጠር እንዳይሰብራቸው በሸራ ይሸፍናቸዋል። ማታ ከመነሣቱ በፊት ሸራውን ገልጦ በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውላቸው አየሁና፣ «ጋሼ፣ ሌሎቹ እኮ አራትም ስድስትም ይደረድራሉ፤ እርስዎ ስለ ምን በሁለት ብቻ ረኩ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«መምህር፣ መብራት የምገዛው ለመንገዱ ነው እንጂ ለመኪናው ጌጥ አይደለም» አለኝ። «ቅርቡን አብዝቼ ካበራሁት ሩቁ ይጠፋብኛል።»

ሾፌሩ በልምድ የደረሰበት ነገር ሳይንሱም የሚያረጋግጠው ነው። የዓይናችን ብሌን በብርሃን ይጠባል፣ በጨለማ ይሰፋል። ከመኪናው አፍንጫ ሥር ያለው አስፋልት እንደ ቀን ሲበራ ብሌኑ ይጠባል፤ በዚያን ጊዜ ከ100 ሜትር ወዲያ ያለውን ደብዛዛ ነገር ለመለየት የሚያስችለውን ኃይል ያጣል። ሾፌሩ ግን ፊቱ ስለደመቀለት ብቻ ብዙ የሚያይ ይመስለዋል፣ ተማምኖም ይፈጥናል። ዓይን ከደማቅ ብርሃን ወጥቶ ጨለማን ፈጽሞ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድበታል። ይህን ሁሉ ጊዜ በመንገድ ላይ ማን ይሰጠዋል?

በፖርቶ መጋላ ላይ ፓውዛ መደርደር የማልወደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከላይ የሚወርደው ብርሃን ኮፋኖውን ያበራና ነጸብራቁን ወደ ሾፌሩ ዓይን ይመልሳል፤ አቧራ ሲነሣ ደግሞ ፊት ለፊት ነጭ መጋረጃ ይዘረጋበታል። ዝቅ ብሎ የተገጠመ መብራት ግን ጉድጓድን በጥላው ያሳውቃል። ከላይ የመጣ ብርሃን ጥላውን ስለሚያጠፋው ጉድጓዱ ሜዳ ይመስላል።

ከቆላው ወደ ደጋው ስንወጣ ነገሩ ይለወጣል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲኬድ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው ጣርማ በር ላይ ጉም በሚወርድበት ሌሊት ረጅሙና ሹሉ መብራት ጠላት ይሆናል። እያንዳንዱ የጉም ጠብታ ብርሃኑን ወደ ኋላ ይመልሰዋልና ብርሃን በጨመርን ቁጥር የምናየው ይቀንሳል። እዚያ የሚያስፈልገው ዝቅ ብሎ የተገጠመ፣ ጨረሩ ወደ ጎን የሰፋና ከላይ የተቆረጠ የጉም መብራት ነው። ብዙዎች ቢጫ ብርሃን ጉምን ሰንጥቆ ያልፋል ይላሉ፤ በፈረንሳይም እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1993 የመኪና የፊት መብራት ቢጫ እንዲሆን በሕግ ይጠየቅ ነበር። ነገር ግን የጉም ጠብታ ከብርሃን ሞገድ እጅግ ስለሚበልጥ ቢጫውንም ነጩንም በእኩልነት ይበትነዋል። ቢጫው ቢጠቅም ዓይንን ስለማያደክም ነው እንጂ ጉሙን ስለሚያልፍ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1962 በአውሮፓ ለመኪና የቀረበው የሃሎጅን አምፖል ለረጅም ጊዜ ገበያውን ይዞ ቆይቶ፣ ዛሬ አነስተኛ ኃይል የሚወስደው ኤል.ኢ.ዲ. እየተካው ነው። ሆኖም ለሃሎጅን ተብሎ በተሠራ አንጸባራቂ ውስጥ የኤል.ኢ.ዲ. አምፖል መሰካት ትርፉ ብርሃኑን ማዝረክረክ ነው፤ አንጸባራቂው የተቀረጸው ለአንዲት ቀጭን የጋለች ሽቦ ስለሆነ ሌላውን አይሰበስብም። ኃይልን በተመለከተም ቸል ሊባል የማይገባ ነገር አለ። እያንዳንዳቸው 100 ዋት የሆኑ ሁለት አምፖሎች በ12 ቮልት ባትሪ ላይ 17 አምፔር ያህል ይስባሉ። ይህን ሁሉ በቀጭን ሽቦ በማብሪያ ማጥፊያው በኩል ማሳለፍ ሽቦውን ያግለዋል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ወፍራም ሽቦ ከባትሪው በፊውዝና በሪሌ አልፎ መምጣት አለበት። ሪሌው ደግሞ ትእዛዙን ከረጅሙ መብራት መስመር ቢቀበል ይመረጣል፤ ሾፌሩ ወደ አጭር መብራት ሲመልስ ተጨማሪውም አብሮ ይጠፋልና።

ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም። ከፊት ለፊት የሚመጣው ሾፌር ለሁለት ሴኮንድ ብቻ ቢታወር፣ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከ40 ሜትር በላይ በጭፍን ይነዳል፤ በእኛና በእርሱ መካከል በእግሩ የሚሄድ ሰው ካለ የሚከፍለው እርሱ ነው። ያ ሽማግሌ ሾፌር ገና በሩቅ የሌላ መኪና ጭላንጭል ሲያይ መብራቱን ይቀንስና ዓይኑን ወደ መንገዱ ቀኝ ጠርዝ ይጥል ነበር። አንዳንዴም የሚመጣው መኪና አይቀንስም፤ ያን ጊዜ እርሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ በብርሃን አይበቀልም።

መብራቱን ለማስተካከል ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ በደልዳላ መሬት ላይ መቆም፣ የመብራቱን መሐል ቁመት በጠመኔ በግድግዳው ላይ ማመልከት፣ ከዚያም የጨረሩን መሐል ከምልክቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ይህ መደረግ ያለበት መኪናው እንደተጫነ ነው፤ የኋላ ጭነት አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሣዋልና። የዋናውን መብራት መለዋወጫ የሚገዛ ደግሞ የየትኛው አገር እንደሆነ ይጠይቅ። ኬንያ በግራ ትነዳለች፣ እኛ በቀኝ። ለግራ መንገድ የተሠራ አጭር መብራት ጨረሩን አርዝሞ የሚጥለው ወደ ግራ ስለሆነ፣ ሞያሌን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ሲጓዝ በቀጥታ የሚያርፈው ከፊት በሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ ነው። ይህንንም ዝቅ በማድረግ ማቃናት አይቻልም፤ መብራቱን ራሱን መለወጥ ያስፈልጋል።